አርባ ልጆችን ያመጣው ውሳኔ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ ባህል ዲፕሎማሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ኤምባሲ፣ ስለ ስምምነት ፊርማና ስለ ባህል ሳምንት ብዙ ይላል። ከኪሱ አውጥቶ ባለሙያ ስለሚያኖር ሰው ግን አንድ መስመር የለውም። ዕድሜዬን በትራምፔት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

አርባ ልጆችን እናስታውስ እንጂ! በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ጎራ አሉ። እዚያ ባለው የአርመኖች ገዳም ኦቶማን ቱርኮች በአርመኖች ላይ ካደረሱት ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ነበራቸው። አልጋ ወራሹ አጨብጭበው፣ ትንሽ ገንዘብ ሰጥተው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውንም ተረከቧቸው። ልጆቹ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ አዲስ አበባ ገቡ፤ የመንግሥት ባንድም ሆኑ።

ልብ በሉልኝ፣ ያኔ አርመኖች ኤምባሲ የሚከፍትላቸው ነፃ መንግሥት አልነበራቸውም። አገራቸው በሶቪየት ሥር ነበረች። ሁለቱን ሕዝቦች ያገናኘው የቆየ የቤተ ክርስቲያን ዝምድናና የአንድ ሰው ውሳኔ ነው።

ከሁሉ የምወደው ደግሞ ልጆቹን ያለ አስተማሪ አለመተዋቸውን ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን ባንዱን መሩ። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ ዜማ ሠርተው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ተወለደ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም መዝሙራችን ሆኖ ቆየ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የእኛን ዜማዎች ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበሩ። የእኔ አስተማሪ ኖታ የተማሩት ከእሳቸው ነው። ትዝታን ለሦስት ትራምፔት ከፍለው ሲጽፉልን እጃቸው አይቆምም ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ዛሬ ባለሀብቶቻችን ለአንድ ምሽት ኮንሰርት ስፖንሰር ይሆናሉ። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በነጋታው ነገሩ ያበቃል። እኔ የምለምነው ሌላ ነው። ከአርመን ዋና ከተማ ከየሬቫን አንድ የትንፋሽ መሣሪያ መምህር ለሁለት ዓመት ቀጥረው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስቀምጡልን። ከእኛም አንድ የማሲንቆ መምህር ወደዚያ ይላኩ። የሚያስፈልገው ደመወዝ፣ ቤትና የአውሮፕላን ትኬት ነው። ፈቃደኛ የሆነ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያግኘኝ። ቤቴ ያሉትን ኖታዎች በሙሉ ለተማሪዎቹ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ሙዚቀኛ፣ ከአዲስ አበባ