የጉዊዲትሶሎን ልጆች ለምን ዘለላችኋቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ጣሊያኑ የመኪና ውድድር ስለ ሚሌ ሚሊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ቅር አለኝ። እንግሊዛዊውን ነጂ ስተርሊንግ ሞስን ሰማይ ሰቀላችሁት፣ ውድድሩ ለምን እንደቀረ ግን «በአደጋ ምክንያት» ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ያን ውድድር ያስቀረው ደግሞ ጉዊዲትሶሎ በምትባል የጣሊያን መንደር አጠገብ ፈንድቶ ልጆችን ያስጨረሰ ጎማ ነው፣ እንዴት ዝም ልበል?

ሞስ ይገባዋል፣ አልከራከርም። በ1955 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከሰሜን ጣሊያኗ ከተማ ከብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ ለመመለስ የፈጀበት 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ነው። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ሰው በየቀኑ በሚሄድበት ተራ መንገድ! መርሴዲሱ ላይ 722 የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት 7፡22 ላይ ስለተነሳ ነው፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22 መሆኑ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን 5 ሜትር ተኩል የሚሆን ጥቅል ወረቀት ይዟል፣ አደገኛው መታጠፊያ ሁሉ ተጽፎበታል። ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም፣ ስለዚህ ወረቀቱን እያዞረ በእጁ ምልክት ያሳየዋል፣ ሞስም ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ሳያይ እሱን አምኖ ይነዳል።

መንገድ ዳር የቆመው ሰውስ? አጥር የለ፣ ከለላ የለ። በ1938 ቦሎኛ ላይ አንድ መኪና ሰው መሀል ገብቶ 10 ተመልካች ገደለ፣ 7ቱ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት ከለከለው። በ1940 በአጭር ዙር ተካሄደ፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ደግሞ ወደዚያው ረጅም መንገድ ተመለሱ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ሜይ 12 ቀን 1957 መጣ። ስፔናዊው ተወዳዳሪ አልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ፌራሪውን እየነዳ ብሬሻ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ጉዊዲትሶሎ አጠገብ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። እሱና ረዳቱ ኤድመንድ ኔልሰን ሞቱ። 9 ተመልካቾችም ሞቱ፣ 5ቱ ልጆች።

እኔ ጎማ ከቸርኬው አውጥቼ ውስጡን በመዳፌ ስዳብስ፣ አንዳንዴ ከላይ ምንም የማይታይበት ጎማ ክሩ ተበጥሶ አገኘዋለሁ። ባለቤቱ «ገና አዲስ ነው እኮ» ይለኛል። በ60 በሚሄድ ሚኒባስ ላይ እንኳን ሲፈነዳ መሪ ይነጥቃል። ፌራሪው ከ200 በላይ ነበር የሚበረው።

የመኪናው ፋብሪካ ባለቤት ኤንዞ ፌራሪ በዚህ ተከሶ ቆይቶ በ1961 ነፃ ወጣ። ውድድሩ ግን በዚያው ቀረ። ዛሬ በዚያ ስም የሚደረገው የድሮ መኪኖች ጉዞ ነው፣ ማን ቀድሞ ገባ አይባልበትም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ለእነዚያ ልጆች አንድ አንቀጽ ስጧቸው። ከሞስ ፎቶ ሥርም ቢሆን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጎሚስታ፣ ከአዲስ አበባ