ይድረስ ለአባቴ፣ ከበርሊን

ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ መናገር የከበደኝን ልጻፍልህ። የፓርቲ አባል ሆኛለሁ። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብለህ እንዳሳደግከን አልረሳሁም። ቆጣ ሳትል እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ፓርቲው ዲ ሊንከ ይባላል፤ «ግራ» ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ያገኘው 2.7 በመቶ ነበር። ስመ ጥሯ ዛራ ቫገንክኔሽት ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት አስከትላ ወጥታ የራሷን ፓርቲ አቋቁማለች። እዚህ አገር 5 በመቶ ያልሞላለት፣ ወይም ቢያንስ 3 የምርጫ ክልል ያላሸነፈ ፓርቲ ቡንደስታግ፣ ማለትም የጀርመን ምክር ቤት፣ አይገባም። አለቀለት ይባል ነበር።

እኔን የወሰደኝ የማሞቂያ ሂሳብ ነው። አከራዬ ያልጠበቅሁትን ጭማሪ ጠየቀኝ። ፓርቲው ሂሳብ ያጣራል ሲሉኝ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። አንዲት ጡረተኛ እናት መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አዩልኝ፤ ያላግባብ የተጨመረውን አስምረው የተቃውሞ ደብዳቤውንም ጻፉልኝ። ማንን እንደምመርጥ አልጠየቁኝም። ዜግነት ስለሌለኝ መምረጥም አልችልም።

ከዚያ ኖይኮልን በሚባለው ሰፈር በር ለበር መዞር ጀመርኩ። አባዬ፣ የመጀመሪያውን በር ሳንኳኳ እጄ ተንቀጠቀጠ። በ1970 አጎቴን የወሰዱት ሌሊት በር አንኳኩተው እንደነበር የነገርከኝ ትዝ አለኝ። እኛ ግን የምናንኳኳው «ምን ያስቸግርዎታል?» ብለን ለመጠየቅ ነው። ብዙው ሰው «ኪራይ ነው» አለን። አንዳንዱ በሩን ዘጋብን፤ «ይቅርታ» ብለን ወደሚቀጥለው ፎቅ ወጣን። ማንም ተከትሎን አልመጣም።

ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ስደተኞችን ከድንበር ስለመመለስ የቀረበ ሐሳብ በቀኝ አክራሪዎቹ ድምፅ ተደግፎ በምክር ቤቱ አለፈ። የእኛዋ ሃይዲ ራይኺኔክ ተነሥታ በቁጣ ተናገረች። ንግግሯ ከስልክ ስልክ ሲዞር ወጣቱ ወደ ፓርቲው ጎረፈ፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው በዛልን።

የካቲት 16 የቡንደስታግ ምርጫ ድምፅ ተቆጠረ፤ ፓርቲያችን 8.8 በመቶ፣ 64 ወንበር። የቫገንክኔሽት ፓርቲ በ4.98 ደጅ ቀረ። ኖይኮልንንም አሸነፍን፤ በቀድሞው ምዕራብ ጀርመን ፓርቲው በቀጥታ ያሸነፈበት የመጀመሪያው የምርጫ ክልል ነው። ያን ሌሊት አለቀስኩ። አጎቴም እንዲህ ያለ ምሽት ማየት ይገባው ነበር።

አከራዩ የመለሰልኝን ገንዘብ ለእማዬ መድኃኒት ልኬዋለሁ። ሲደርስ ደውልልኝ።

ልጅህ