ሥራሽን ለቀሽ እንዳትመጪ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጾሙም እየተገባደደ ነው፣ ደብረ ማርቆስም ብርዱ ቀለል ብሏል።

ቴሌግራም ላይ የላክሽውን ድምፅ ከወንድምሽ ጋር ሆነን ሰማነው። «ሥራዬን ለቅቄ ልምጣና ወንድሜን እኔ ላስታምመው፣ አንቺ እረፊ» ነው ያልሽው። አስለቀስሽኝ፣ አልዋሽሽም። መልሴ ግን እንዳትሞክሪው ነው። ወንድምሽማ ከእኔ ብሶ ተቆጣ። «እህቴ በእኔ ምክንያት ሥራ ለቀቀች የሚል ዕዳ ማንም እንዳያሸክመኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «ሴቷ ልጅሽ ለምን አትመጣም?» ይለኛል። ባሕር ዳር ያለውን ታላቅ ወንድምሽን ግን አንድም ሰው ጠርቶት አያውቅም። እሱ ትዳር አለው፣ ልጆች አሉት ይላሉ። አንቺስ? አንቺ እኮ ገና ነሽ፤ አሁን ከሥራ ወጥተሽ ከዓመታት በኋላ ልመለስ ብትይ ማን ይቀበልሻል? እኔን አይተሽ ተማሪ። ሦስት ሆቴል እንጀራ አስረክብ የነበርኩ ሴት ነኝ። መኪናው ተገልብጦ ወንድምሽ ወገቡን ከተመታ ወዲህ ምጣዴ ቀዘቀዘ። ደንበኞቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ግን ምሳ ሰዓት እኔን ብሎ አይቆምም፤ ሌላ ሴት ያዙ። እንጀራውን ማስረከብ ብቀጥል ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት የማገኘውን ገንዘብ ማን ያስበዋል? «እናት ናት፣ ምን ታረግ» ይባልና ያልፋል።

ፈቃድ ልጠይቅ ብለሽም ነበር። ወንድምሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011 የሚሉትን፣ ስልኩ ላይ አውርዶ አነበበልኝ። ለወላድ 120 ቀን ከነደሞዟ ይሰጣል፣ ደግ ነው። ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ ደግሞ ያለ ደሞዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ እሱም በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። 5 ቀን ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ተነስተሽ ዓባይን ወርደሽ ወጥተሽ እዚህ እስክትደርሺ፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ አንዱ ቀን ሄደ። የወንድምሽ ነገር እንደ ወባ በ5 ቀን የሚለቅ አይደለም።

ማስታመም ምን እንደሆነ ሩቅ ያለ ሰው አይገባውም፣ አንቺም በዓል በዓል እየመጣሽ ነው ያየሽው። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ አገላብጠዋለሁ። ታፋውና ተረከዙ ስለማይሰማው የስልኬን መብራት አብርቼ ቆዳውን አያለሁ፤ ቀላ ያለች ነገር ካየሁ ያንን ጎን ቀኑን ሙሉ አላስተኛውም፣ የአልጋ ቁስል ከጀመረ በቀላሉ አይመለስማ። ከቤት ስንወጣ ደግሞ ኮብልስቶኑ አለ። የፊቷ ትንሿ ጎማ ድንጋይና ድንጋይ መሃል ትሰነቀራለች። ያኔ ዊልቸሩን ዞር አድርጌ በትልልቆቹ ጎማዎች ወደ ኋላ እየሄድኩ እጎትተዋለሁ። ወንድምሽ ፊቱ ወደ መጣንበት ሆኖ ለሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይስቃል። ዊልቸሩንስ አመስግኛለሁ፤ ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል በልኩ ነው የሰጡት። መንገዱን ግን በልኩ የሠራለት የለም።

አሁን «መንግሥት ይርዳችሁ» የሚለውን ነገር ላንሳልሽ፣ እሱንም ጠይቀሽኝ ነበርና። ገጠር ያለው ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ከ1997 ጀምሮ አለ። እኛ ጎጃሞች «ትርፍ አምራች» ስለምንባል ብዙዎቹ ወረዳዎቻችን አልገቡበትም። ጤፉ ተረፈ ማለት የዓይነ ስውሩ ቤት፣ እግሯ አብጦ ከቤት የቀረችው ሴትዮ ቤት ተረፈ ማለት ነው እንዴ? ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ያቺን የአክስትሽን ጎረቤት ታስታውሻታለሽ አይደል፣ በቀይ አፈር በባዶ እግሯ ስታርስ ስትኮተኩት ኖራ እግሯ ያበጠባት? እርግማን ነው ብለው ደብቀዋት ከረሙ። በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ቅቤ ትሸጣለች። የአንድ ጫማ ዋጋ ሰው ሥራ ላይ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሴፍቲኔቱ ከተማም ይሁን ገጠር አሠራሩ ያው ነው። ጉልበት ያለው የአካባቢ ሥራ ይሠራና ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው ቀጥተኛ ድጋፍ ይባልና ሳይሠራ ይቀበላል። ይሁን፣ ለሽማግሌና ለደከመ ሰው ልክ ነው። ወንድምሽን ግን የት ትከችዋለሽ? ድንጋይ አይፈልጥም፣ ሒሳብ ግን ማርቆስ ውስጥ የሚያህለው የለም፣ ልጄ ስለሆነ አይደለም። «መሥራት የማይችል» ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ምን ትችላለህ ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም። እኔስ? እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ስለዚህ ጉልበት አለሽ ተብዬ መጥረጊያ ይዤ ልወጣ ነው። እሱን ማን ያገላብጠው? ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋ ከጉልበት ሥራው ወጥታ ለጊዜው እንድትደገፍ ያሰበ ሰው፣ ትልቅ ልጅ የምታነሳ እናትንም በግልጽ ቢያስባት ምን ነበረበት!

የሥራ ሕጉማ ጥሩ ነው፣ እውነቴን ነው። በ1986 የወጣው አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች የሥራ መደብ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ያንን ሲተካ መግቢያው ላይ ምክንያቱን ጻፈ፦ መደብ መለየቱ አካል ጉዳተኛ በችሎታው መወዳደር የማይችል አስመስሎታል አለ። ወንድምሽ ይህን ሲያነብልኝ «እስቲ ድገማት» አልኩት። የሥራ ቦታው እንዲመቻችለት ያዛል። አሠሪው ረዳት እንዲመድብለትም ያዛል! አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ ሰው የማስረዳት ሸክም የለበትም፣ አላደላሁም ብሎ የሚያስረዳው አሠሪው ነው። የሕንጻ አዋጁም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ በዊልቸር የሚገባበት ይኑረው ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ነው አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና የሄድነው። ፈተናው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጥበቃዎቹ ተሸክመው አወጡት፣ ተፈተነ፣ ጥሩ አመጣ። ከዚያ አንዱ ኃላፊ ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው የነገረኝ፦ «እማማ፣ በየቀኑ ማን ሊያወጣው ነው?» ልጄ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ! ወንድምሽ ልክሰስ ብሎ ነበር። እኔም ክሰስ አልኩት። ጠበቃው፣ ቀጠሮው፣ መመላለሱ ሲታሰብ ግን ቀረ። ሕጉ የእኛ ወገን ነው፣ ደረጃው ግን የእነሱ ነው።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። ገበያው አካባቢ ያለው እህል ነጋዴ፣ የአባትሽ ነፍሱን ይማረውና ወዳጅ የነበረው፣ መዝገብ የሚይዝለት ሰው ፈልጎ ወንድምሽን ጠየቀው። ግማሽ ቀን ይጀምር፣ ከተስማማው ሙሉ ቀን ይሁን አለ። ሱቁ ምድር ላይ ነው። የበሩ ደፍ ከፍ ይል ነበር፤ ሰውዬው ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ አስመጥቶ በአንድ ከሰዓት ዝቅ ያለ መውጫ አስደረገለት። ሙሉ መሥሪያ ቤት ያቃተውን! ስለ አዋጁ ሰምቶም አያውቅ። ወንድምሽ በየግማሽ ሰዓቱ በሁለት እጁ ወንበሩን ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል፣ ቁስል እንዳይዘው፤ ጫኝና አውራጆቹ መጀመሪያ ምን ሆነ ብለው ደንግጠው ነበር፣ አሁን እነሱ ናቸው «ሰዓትህ ደርሷል» የሚሉት።

ግን ሥራ መያዝ ራሱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ይህን ማንም አያስብም። ቤት ሲውል ባጃጅ አያስፈልገውም ነበር። አሁን በወር ኮንትራት ይዘናል። ጓንቱ፣ የሽንት ከረጢቱ ጨምሯል፣ ከሰው ጋር ስለሚውል ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ታዲያ ሥራ መያዙ እንደተሰማ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይልክልን የነበረው ያ ዘመዳችን «እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንግዲህ ራሱን ቻለ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ቀረ። ገና የመጀመሪያ ደሞዙን ሳይቀበል እኮ ነው! አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

እንግሊዝ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ስነግራት «እዚህም ያው ነው» ብላ ሳቀች። እዚያ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚያስታምም ሰው መንግሥት አበል ይከፍላል፣ እሰይ የሚያሰኝ ነው። ሥራም መሥራት ይችላል። ግን ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ አንድ ፓውንድ ካለፈ አበሉ በሙሉ ይቆረጣል፣ አይቀነስም፣ ይቆረጣል። ጣሪያው በሳምንት 151 ፓውንድ ነበር፣ በእነሱ አቆጣጠር በ2025 ሚያዝያ ወደ 196 ከፍ አደረጉት። ሳያውቁት አልፈው ቆይቶ የተከፈላችሁን መልሱ የተባሉ አስታማሚዎች ብዙ ናቸው አለችኝ። በዚያው ዓመት መንግሥታቸው ሰውን ሥራ ላይ እናስገባ ብሎ የአካል ጉዳተኞችን ድጎማ ማግኛ መስፈርት ሊያጠብቅ ሲነሳ የራሱ ፓርቲ ሰዎች አመፁበትና ያንን ክፍል ከረቂቁ አወጡት። እኔ በበኩሌ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ብር መቀነስ ዊልቸር ደረጃ አያስወጣም። መጀመሪያ ሥራው ላይ ይደላደል፣ ባጃጁንም ረዳቱንም የሚችል ደሞዝ ይያዝ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ ነው የምለው፣ ለዘመዳችንም ለመንግሥትም።

ስለዚህ ከአንቺ የምፈልገው እጅሽን አይደለም። ጎረቤት 12ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ አለች፣ ታውቂያታለሽ፣ ሳቂታዋ። ጠዋት ወንድምሽን አዘጋጅቼ ባጃጅ ላይ እስካስወጣው ሊጡን እሷ ትይዝልኛለች፣ እሱ ሲመለስ ደግሞ አብራኝ ታነሳዋለች። ሁለት ሌሊትም በሳምንት እሷ ታገላብጠው፣ እኔ ልተኛ። በነፃ አይሆንም፣ የሰው ልጅ ናት፣ ደሞዝ ይቆረጥላታል። ከሆቴሎቹ አንዱ ተመለሺ ብሎኛል፣ የእንጀራው ሥራ እስኪቃና ለጥቂት ወር የእሷን ደሞዝ አንቺ ቻይልኝ። ሙሉ ደሞዝሽን ጥለሽ ከምትመጪ ከደሞዝሽ ቆንጥረሽ ብትልኪ ሦስት ሰው ሥራ ላይ ይውላል፤ አንቺ፣ እሱ፣ እኔ። ልጅቷን ከቆጠርሽ አራት። ለታላቅ ወንድምሽም እኔው ደውዬ ግማሹን አንተ ትልካለህ እለዋለሁ፣ አንቺ እንዳትነግሪው፣ ከአንቺ ከሰማ ይኮራል።

እስከዚያው ለፋሲካ ነይ፣ መንገዱ ደኅና ከሆነ። ስትመጪ ከመርካቶ ለዊልቸሩ ትልቅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሁለት ግዥ፣ የሳይክሉ ይሆናል፣ 24 ቁጥር በያቸው። እዚህ የሚሸጡት ቶሎ ይፈነዳሉ። ጓንትም በካርቶን ከሆነ እዚያ ይረክሳል መሰለኝ፣ መካከለኛውን ቁጥር ውሰጂ፣ ያለፈው ለእጄ ሰፍቶኛል።

እናትሽ