ሐምሌ 15ን አብራችሁን ላሰባችሁ በሙሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የወንድሜንና አብረውት የሄዱትን መታሰቢያ ስናደርግ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡን ወክዬ ምስጋናዬን ላቀርብ ነው የጻፍኩት። በስልክ ልበል ብዬ ጀምሬ ነበር ግን እንባዬ እየቀደመኝ አልቻልኩም፣ በጽሁፍ ይሻለኛል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ሰኞ ጠዋት ነው፣ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ተራራው ተንዶ የጥቂት ሰው ቤት ከነቤተሰቡ ዋጠ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ሮጠ፣ አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ፣ የሌለው ባዶ እጁን። እነሱ ጎረቤታቸውን ሊያወጡ እየቆፈሩ እያለ ነው ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ የወረደባቸው። ከሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ ለመርዳት የሄዱት ናቸው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር፣ አስተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች። ታናሽ ወንድሜም ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ነበር፣ የዛን ቀን ጠዋት ቁርሱን እንኳን ሳይጨርስ ነው ከቤት የወጣው፣ እናቴ "ዝናቡ ያባራ" ብትለው "እማዬ ሰው እኮ ተቀብሯል" ብሏት ሄደ። በቃ ይሄ ነው የመጨረሻ ቃሉ።

እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወሬውን የሰማሁት ቀን ላይ ነው፣ መኪና ተሳፍሬ የዞኑ ከተማ ሳውላ እስክደርስ ድረስ እና ከዛ ወደላይ እስክወጣ ድረስ ምን እንዳሰብኩ ራሱ አላስታውስም። ማክሰኞ ሲመሽ ደረስኩ። እስከዛን ቀን የተገኘው አስከሬን 229 ተባለ፣ 148 ወንድ 81 ሴት፣ ወንዱ እንደዚህ የበዛው ለእርዳታ የሮጠው ስለበዛ ይመስለኛል። ሐሙስ ላይ 257 ደረሰ ተባለ። እኔ ግን ቁጥሩ ሳይሆን አይኔ ላይ የቀረው የቆፋሪዎቹ እጅ ነው። ቦታው ገደል ስለሆነ ማሽን መግባት አልቻለም፣ ጭቃው ደግሞ ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ጥፍራቸው ተነቅሎ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚቆፍሩ ልጆች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ሊረዱ የመጡት እዛው ሲቀበሩ አይተዋል፣ ሰማዩ አሁንም ጠቁሯል፣ ተራራው እንደማይደግም ማንም ማረጋገጫ አልሰጣቸውም፣ ግን ወርደው ቆፈሩ። እናንተን ምን ብዬ ላመስግን? ወንድሜን በሦስተኛው ቀን ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ ቀብረን አልቅሰን እርማችንን ያወጣነው በእናንተ ነው። ዘመዳቸውን ሳያገኙ የቀሩ ቤተሰቦች ስላሉ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከየቀበሌው ቃሬዛ ተሸክማችሁ በዛ አዳላጭ ዳገት ስትመላለሱ የነበራችሁ ወጣቶች፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ ንፍሮና ውሃ በጭንቅላታቸው ተሸክመው የሚመጡ እናቶች (አንዷ ራሷ ልጇን እየጠበቀች ነበር፣ ግን ለቆፋሪ ታድል ነበር)፣ ድንኳን የተከላችሁ የእድር አባቶች፣ ፕሮቴስታንት ኦርቶዶክስ ሙስሊም ሳትሉ አብራችሁ ያለቀሳችሁ፣ ከሌላ ክልል በማታውቁት ሰው አዝናችሁ ብርድ ልብስና እህል ጭናችሁ የመጣችሁ፣ ከውጭ ሀገር ደውላችሁ ገንዘብ የላካችሁ። ከሐምሌ 20 ጀምሮ ሦስት ቀን ሀገር በሙሉ ሀዘን ሲቀመጥ እናቴ "ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው" አለች፣ ይሄን ስትል ሰምቼ ነው ትንሽ የተነፈስኩት።

የአሁኑ መታሰቢያም ቢሆን ትልቅ ነገር አልነበረም፣ በግቢያችን ጸሎት አድርገን፣ ሽማግሌዎች የሟቾቹን ስም በየተራ ጠርተው፣ ልጆች ችግኝ ተከሉ። ስም ሲጠራ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ እነዚህ ሰዎች ማንም ሂዱ ብሎ አልላካቸውም፣ አበልም ትእዛዝም የለም፣ ጩኸት ሰምተው ብቻ ነው የሄዱት። ስለዚህ በአደጋው የሞቱ ብቻ ተብለው እንዲረሱ አልፈልግም፣ ሰው ሊያወጡ ሄደው የሞቱ ተብለው እንዲጠሩ እፈልጋለሁ። ሽማግሌዎቻችንም እንደዛ ብለው ስለጠሩልን እድሜና ጤና ይስጥልን።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ረቡዕ ቀን እናቴ ዝናብ ላይ ቆማ አስከሬን ስትጠብቅ አንድ ወጣት ጥቁር ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላት በሸሚዝ ብቻ ወደ ቁፋሮው ወረደ። ፊቱ ሁሉ ጭቃ ስለነበር ማን እንደሆነ አላወቅነውም፣ ከዛ ግርግሩ ውስጥ ጠፋብን። ስንጠይቅ ከርመናል። ወንድሜ፣ ይሄን ካየህ ወይ የሚያውቅህ ሰው ካየው፣ ጃኬትህን እናቴ አጥባ በሩ ጀርባ ሰቅላዋለች፣ ማንም እንዲለብሰው አትፈቅድም። ናና ውሰድ፣ ቡናም ታፈላልሃለች።