በየማለዳው ስለሚመላለሰው የኮምፒውተር መልእክት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ኮምፒውተሩ ስለሚያሳይዎት የስህተት መልእክት የነገሩኝን ሁሉ፣ ከላኩልኝ ፎቶዎች ጋር እያስተያየሁ ተመልክቼዋለሁ። መልእክቱን ሳይዘጉ ፎቶ ማንሳትዎ ብዙ ድካም አስቀርቶልኛል፤ አብዛኛው ሰው «እሺ» የሚለውን ተጭኖ ካጠፋው በኋላ ነው ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ የሚጨነቀው።

ለየብቻ የመሰሉዎት ሁለቱ መልእክቶች ምንጫቸው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ የሚናገረውም ሆነ፣ ቆይቶ ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም) ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ የባንኩን ገጽ የሚከለክልዎት፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ነው። በፎቶው ጥግ ላይ የሚታየውን ቀን ልብ ብለው ቢያዩት ከዛሬው በብዙ ዓመት የራቀ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት ሥራ ላይ የሚውልበትና የሚያበቃበት ቀን ተወስኖለታል፤ ኮምፒውተሩ ዘመኑን ሲስት ግን ሰርተፊኬቱ ገና ያልጸና ስለሚመስለው ገጹን አላምንም ይላል።

ሰዓቱን የምትጠብቀው ማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ኤሌክትሪኩ ሰዓቱን ያስኬደዋል፤ እርስዎ ግን ለጥንቃቄ ብለው ማታ ማታ ስለሚነቅሉት ሸክሙ በሙሉ በደከመችው ባትሪ ላይ ይወድቃል። ችግሩ ጠዋት ጠዋት የሚመላለሰውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ያለዎትን እባክዎ አይቀበሉት፤ ፎርማት ዲስኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ከማጥፋት በቀር ለባትሪዋ የሚፈይደው የለም። ይልቅ ባትሪዋን እንዲቀይርልዎት ይንገሩት፤ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ናት፣ ቢሆንም በአሮጌዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያመሳክር።

እስከዚያው ሰዓቱን በእጅዎ አስተካክለው መሥራት ይችላሉ። ነገር ግን ምክንያቱን አውቀነዋል በማለት ማስጠንቀቂያውን አልፈው ወደ ባንኩ ገጽ አይግቡ፤ ሰዓቱ ተስተካክሎም ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነውና የይለፍ ቃልዎን አይጻፉ።

ቫይረስ ገብቷል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ የሚለው ሦስተኛው ግን ጭራሽ የስህተት መልእክት አይደለም፤ አጭበርባሪዎች ያዘጋጁት ገጽ ነው። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት የስልክ ቁጥር አይይዝም፤ ቁጥር ካዩ ያንኑ ብቻ ይበቃዎታል፣ ሌላውን ማንበብም አያስፈልግዎትም። ስክሪኑን ሞልቶ አልዘጋ ካለ በኪቦርዱ ላይ ኦልት (Alt) የሚለውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ኤፍ 4ን (F4) ይጫኑ፤ እምቢ ካለም ኮምፒውተሩን ያጥፉት። ብራውዘሩ እንደገና ሲከፈት የቀድሞዎቹን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ቢጠይቅዎት አይፍቀዱለት።

ባትሪዋ በተቀየረችበት ዕለት ያ የጥቁሩ ስክሪን መልእክት አንዴ ብቅ ሊል ስለሚችል አይደንግጡ፤ ጠጋኙ እዚያው እያለ ቀኑንና ሰዓቱን ሞልቶ ያስቀምጥልዎት። ማታ እንደ ልማድዎ ሶኬቱን ይንቀሉትና በማግስቱ ሰዓቱን ይዩት። ዳግመኛ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኙት፣ ምንም ሳይጫኑ እንደ በፊቱ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ