ታኒን እርሳስን ከሰውነት ጠርጎ ያወጣል ስለመባሉ

ለክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ላይ፣ በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ ታኒኖችና ሌሎች ፖሊፌኖሎች እርሳስን የመሰሉ መርዛማ ብረታ ብረትን አስረው ከሰውነት ጠርገው እንደሚያወጡ አንድ ሙከራ ጠቅሶ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ። ውህዶቹ የብረታ ብረት አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አተሞችን) እንደሚይዙ አይካድም፤ ቅር ያሰኘኝ ጸሐፊው ይህ የሚሆነው በምን ሁኔታ እንደሆነ አንድም ነገር ሳይሉ በቀጥታ ወደ ምክር መሻገራቸው ነው።

ፖሊፌኖል አዮኑን የሚይዘው በካርቦን ቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት የኦክስጅን አተሞች፣ እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ነው። ኦክስጅኖቹ ግን ቀድሞውኑ ሃይድሮጅን ተሸክመዋል፤ አዮኑ ቦታ የሚያገኘው ሃይድሮጅኑ ሲለቅ ስለሆነ የፈሳሹ አሲድነት ወሳኝ ነው። ይህንንም በዓይን ማየት ይቻላል። እነዚህኑ ጎን ለጎን ያሉ ኦክስጅኖች የያዘው ካቴኮል የተባለ ቀላል ውህድ በሟሟበት ውሃ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ የብረት ጨው በጥቂቱ ሲጨመር ፈሳሹ አረንጓዴ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ አንዱን የብረት አዮን የያዘው አንድ ካቴኮል ብቻ ነው። ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) በጠብታ እየተጨመረ አሲድነቱ ሲቀንስ ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው ካቴኮል ይጣበቅና ቀለሙ ወደ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ወደ ቀይ ይለወጣል። አሲድ በብዛት ቢገባበት ደግሞ ትስስሩ ይላላል። ስለዚህ በጨጓራ አሲድ ውስጥ የላላው በትንሹ አንጀት ሊጠብቅ ይችላልና፣ በብልቃጥ ውስጥ በአንድ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) የተለካ ውጤት ለሁለቱም አይሠራም።

ታኒን መርዛማውን ከጠቃሚው መርጦም አይዝም። ከምግብ ጋር ሲገባ በብዛት የሚያገኘው እርሳስን ሳይሆን ብረትን ነው፤ ከዕፅዋት የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርገውም ይኸው ትስስር ነው። ሐኪሞች ለእርሳስ መመረዝ የሚጠቀሙበት፣ ብረታ ብረትን የሚያስረው ኢዲቲኤ የተባለ መድኃኒት እንኳ አስቀድሞ ካልሲየም ተይዞበት የሚሰጠው፣ ያለዚያ የደሙን ካልሲየም ስለሚነጥቅ ነው።

መታሰር ሁልጊዜ መክሸፍ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አንዳንድ ፖሊፌኖሎች ፌሪክ ለተባለው የብረት አዮን ኤሌክትሮን ሰጥተው ፌረስ ወደተባለው ሌላ የብረት አዮን ይለውጡታል፤ ፌረስ ብረት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካገኘ ደግሞ ሄንሪ ፌንተን በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት አጸግብሮት ይነሣና ሕዋስን የሚጎዳ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል።

ጸሐፊው የጠቀሱት ሙከራ በየትኛው ፒኤች፣ በንጹሕ ውሃ ወይስ ካልሲየምና ብረት ባሉበት እንደተካሄደ ለአንባቢ ቢያስረዱ፣ እርሳስ መርዞኛል ብሎ የሚሰጋ ሰውም አስቀድሞ ደሙን እንዲያስመረምር ቢመክሩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር