ስለ ሰማዩ ኔትወርክ ስታወሩ መሬቱንም ጠይቁልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ ወጣቶቹ ስለ እነዚያ ሰው አልባ አውሮፕላኖች አውርተው አይጠግቡም፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው፣ በፀሐይ ኃይል ለሳምንታት እየበረሩ፣ ስልክና ኢንተርኔት ያዳርሳሉ ስለሚባሉት። «በቃ፣ ታወር ቀረ» የሚል አለ። እኔም ነገሩን በጉጉት ነው የምከታተለው። ግን ወሬው ሁሉ ስለሚበረው ዕቃ ነው፤ ስለሚነሳበት መሬት የሚያነሳ የለም። ዋናው ጣጣ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ዜፊር የሚባለውን እንይ። ክንፉ 25 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጠዋል። ጎማ የለውም። ጥቂት ሰዎች በእጃቸው ይዘውት ሮጠው ነው የሚያስነሱት። በ2025 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከኬንያ ተነስቶ 67 ቀን አየር ላይ ቆይቷል። ላይ ከደረሰ ደመናውም ዝናቡም ከበታቹ ስለሆነ ብዙም አያሰጋውም። አደጋው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ሄሊዮስ የሚባለው የናሳ የፀሐይ አውሮፕላን በ2003 ሃዋይ አጠገብ ገና እየወጣ ሳለ አየሩ አናወጠውና ተበታትኖ ባሕር ገባ። አኪላ የሚባለው የፌስቡክ የፀሐይ አውሮፕላንም በ2016 በመጀመሪያ በረራው ሊያርፍ ሲል ነፋስ መታውና ክንፉ ተሰበረ።

«እኛ ደጋ ላይ ነን፣ ለሰማይ ቅርብ ነን» ሲባል እሰማለሁ። ከፍታው ብዙም አይረዳም፤ ወሳኙ ነፋሱ ነው። በጋ ላይ ጎህ ሲቀድ እዚህ አየሩ ጸጥ ይላል፣ ለማስነሳት ይመች ይሆናል። ክረምቱስ? ሐምሌ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቶ ውረድ ቢባል፣ በዚያ ሁሉ ደመናና በረዶ መሀል እንዴት አድርጎ ይወርዳል? ሜዳውም ሌላ ጥያቄ ነው። ለጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ቦታ ጎጃም ውስጥ ሲፈለግ የሚገኘው የገበሬው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ካሳው ከወዲሁ ካልታሰበበት ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደግሞ አውሮፕላኑ ኢንተርኔት ከራሱ አያመነጭም። መሬት ላይ ካለ አንቴና ይቀበላል፣ አንቴናው ከፋይበር ይገናኛል፣ ሁሉም መብራት ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ያለው ታወር መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል፣ ከዚያ ጥበቃው ናፍጣ በጀሪካን እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ እኛም ኔትወርክ እንጠብቃለን። ይህ ሳይስተካከል ሰማይ ላይ ምንም ቢሰቀል ያው ነው። ኬንያ ውስጥ በ2020 በፊኛ ኢንተርኔት የጀመረው ሉንም ወጪው ስላላዋጣው በ2021 መጀመሪያ ላይ መዘጋቱ ታውቋል።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩን ጠልቼው አይደለም። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ስልክ የሚሠራው ጉብታ ላይ ብቻ የሆነባቸው ቀበሌዎች አሉ። ሰዉ ስልኩን ዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሥር ቆሞ እየጮኸ ያወራል። ሴት ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ ለመጥራት መጀመሪያ አንድ ልጅ ወደ ጉብታው መሮጥ አለበት። ታወር ለመትከል ገደሉ አስቸጋሪ የሆነበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርሰው ማን ይጠላል!

አንድ የከበደኝ ነገር ግን አለ። ባለፉት ዓመታት እዚህ ድሮን የሚለው ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ይዞ የሚደበቅ ሕዝብ ነው ያለው። ማንም ይህን ሥራ ይዞ ቢመጣ አጥር አጥሮ፣ ጥበቃ አቁሞ፣ ዝም ብሎ መጀመር የለበትም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ የአገር ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ባለ ማሳውም ቀርበው ይዩት፣ ምን እንደተጫነበት ይጠይቁ፣ ካሜራ አለው ወይ፣ ምስሉ ለማን ይሄዳል ይበሉ። መልሱም በጽሑፍ ይሰጣቸው። የሚመለከታቸውን ሰዎች ስታገኙ ይህን በቅድሚያ አንሱልን፤ የሚሉትንም ሳትቆርጡ አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ማርቆስ